ወደ ጽሑፉ የዞረው ሰው

እንድርያስን ቡና በሚያደርቁበት የሽቦ አልጋ ላይ አስተኝተውት ነበር። ጭቃ ያልነካው ሌላ ቦታ አልተገኘም። እርጥቡን ቡና ወደ አንድ ጎን ገፍተው፣ ለጥላ የሚጠቀሙበትን አረንጓዴ መረብ አልብሰውት፣ በቀኝ በኩል ደግሞ አንድ ሰው ፎጣ ደርቦበታል። ፎጣው ለምን እንዳስፈለገ ኢንስፔክተር ማናልሞሽ ገልጣ ስታይ ገባት። ማሽኑ ክንዱን እስከ ትከሻው ወስዶታል። ሰማያዊው የሥራ ጋዋን በዚያ በኩል ተበጣጥሷል፤ በግራ ደረቱ ላይ ያለው ኪስ ግን ደህና ነው፤ እስክሪብቶው እንኳ ከነክዳኑ እንደተሰካ ነው።

መረቡን መለሰችና ወደ ሠራተኞቹ ዞረች።

«ማነው የገደለው?»

እንዲህ በደፈናው መጠየቅ ልማዷ ነው። ሰው ተዘጋጅቶ ካልሆነ በደንብ አይዋሽም ብላ ታምናለች።

«እኔ ነኝ» አለ አንድ ወጣት። የእሸት ቡና ሳጥን ገልብጦ ተቀምጧል። ሁለት እጆቹን የሰው ዕቃ ይመስል ጉልበቱ ላይ አስቀምጧቸዋል።

ሳጅን ኃይለሚካኤል ካቴናውን ከወገቡ ፈታ። «ይኸው፣ አለቀ። ምሳ ሳያልፈን።»

«ምሳህ የትም አይሄድም። ቆይ።»

የቡና ማጠቢያ ጣቢያው ከሚዛን ተፈሪ ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ገበሬው ያመጣው እሸት ቡና በሁለት ማሽኖች ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል። ባለቤቱ አቶ በላይነህ የሚባል ነጋዴ ነው። ወጣቱ ናስር ይባላል፤ ዘንድሮ ቡናው መቅላት ሲጀምር ነው ከቴፒ መጥቶ የተቀጠረው።

«ንገረኝ» አለችው።

«መብራት ጠፋ። ማሽን አንድ ከዚያ በፊት እንጨት ገብቶባት ተይዛ ነበር። እንድርያስ ‹መብራት ሳይመጣ ላጽዳት፣ አንድን አጥፋልኝ› አለኝ። እኔ ማጥፊያው ጋ ነበርኩ። አጠፋሁ። ‹አጠፋህ?› አለኝ። ‹አጠፋሁ› አልኩት። ከዚያ መብራት መጣ።»



«መብራት መጣ፣ ከዚያስ?»

«አንድ ተነሣች።»

«ሁለትስ?»

ጥያቄው ግራ አጋባው። «ሁለት? ሁለትማ... አልተነሣችም።»

«ለምን ሁለቱንም አላጠፋህም ነበር?»

«ጋሽ ባስልኤል ሁለትን እንዳትነካ ብሎኛል። መብራት እንደመጣ ሥራው እንዲቀጥል። እሸቱ ክምሩ ላይ እየሞቀ ነበር።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ቀብሩ ነገ ነው አሉ። አፈር ላልብሰው። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

«ዘመድህ ነው?»

«እሱ ቤት ነው የምኖረው። ሚስቱ ትዕግሥት ለእኔ ሥጋ ከእስላም ሥጋ ቤት ታስመጣልኛለች፤ በሌላ ድስት ትሠራልኛለች።»

ማናልሞሽ ተስፋ መስጠት አትወድም። ተስፋ የሰጠ ሰው ኋላ ይጠየቅበታል። «በሰው ሞት ተጠርጥረህ ታስረህ የሟች ቀብር አትሄድም። ብትሄድም ወንድሞቹ አይለቁህም። ከቀብሩ በፊት ነገሩ ከተጣራ ትሄዳለህ። ካልተጣራ አትሄድም። የምችለው ይኼን ያህል ነው።»

ማጥፊያው ያለበት ክፍል በግድግዳ ከማሽኖቹ የተለየች ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ከውስጥ የቆመ ሰው ማሽኖቹን አያይም፤ በጩኸት ብቻ ይግባባል። ግድግዳው ላይ የኤሌክትሪክ ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ጥቁር እጀታዎች። የግራው ወደ ላይ እንደሆነ ነው፣ የቀኙ ወደ ታች ተስቧል።

ፎርማኑ ባስልኤል በሩ ላይ ቆሞ አስረዳ። ጠና ያለ፣ ጢሙን በጥንቃቄ የተላጨ፣ በረጋ ድምፅ የሚናገር ሰው ነው።

«ግራው አንድ ነው፣ ቀኙ ሁለት። እዚህ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ አዲስ ነው፤ አንድን ላጥፋ ብሎ ሁለትን አጠፋ። ምን ይደረጋል፣ ቀኑ ደርሶ ነው።»

«አዲስ ከሆነ እዚህ ማን አቆመው?»

«እኔ። ይልመድ ብዬ።»

«ሌላ ጊዜ እዚህ የሚቆመው ማነው?»

«እንድርያስ ነበር።»

ከሳጥኑ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ተጠግቶ በላስቲክ የተለበጠ አዲስ ፖስተር ተሰቅሏል። በአንድ በኩል «ከጽዳት በፊት ማሽኑን ያጥፉ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ፣ በሌላ በኩል እዚሁ ሳጥን አጠገብ የቆመ ሰው ፎቶ። ሰውየው እንድርያስ ነው። ፊቱን ወደ ጽሑፉ መልሶ፣ ፈገግ ብሎ፣ እጀታዎቹን በእጁ ያሳያል። በእያንዳንዱ እጀታ ላይ ቁጥር የያዘ ቢጫ ክብ ተለጥፏል። ማናልሞሽ ከፖስተሩ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ፖስተሩ አየች።

«አቶ ባስልኤል፣ በዚህ ፖስተር ላይ አንድ የተባለው ቀኙ ነው።»

ባስልኤል ተጠጋ። አየ። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ወይ ጉድ! ያቺ የሕትመት ቤት ልጅ! ገደለችን እኮ!»

«እስከ ዛሬ አላዩትም?»

«ምን ብዬ አየዋለሁ? እጄ ያውቀዋል። ይኼ ለኦዲተሮች ነው የተሰቀለው፣ ኢንስፔክተር። ቡናውን የሚገዙት ሰዎች ልከዋቸው ነገ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ፤ ግድግዳ ላይ ፖስተር ካላዩ ደስ አይላቸውም። ሠራተኛውማ መች ያየዋል።»

መልሱ እውነት ይመስላል። ማናልሞሽ ግን ፖስተሩን ትታ አልሄደችም። ጋዋኑ ያው ሰማያዊው ጋዋን ነው፤ ኪሱ ግን በቀኝ ደረቱ ላይ ነው። እጀታዎቹን የሚያሳየውም በግራ እጁ ነው። ከፖስተሩ ጠርዝ፣ ከሳጥኑ በኩል፣ ላስቲኩ ላይ የአንድ ጣት ስፋት ያለው ቀይ ቀለም ተለድፏል፤ የጣቱ መስመር ሳይቀር ይታያል። ቀጥሎ ሳጥኑን አየች። ከሁለቱ እጀታዎች በላይ አቧራም ዝገትም የሌለባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ።

«እዚህ ምን ነበረ?»

«ቁጥር። አንድ፣ ሁለት የሚል፣ በቀይ ቀለም። ደብዝዞ ያስጠላ ነበር፣ በቲነር አስለቀቅሁት። ቁጥሩ ስለጠፋ ነው ፖስተሩን ያሠራነው።»

«መጀመሪያ ቁጥሩን ፋቁ፤ ከዚያ ፖስተር አሠሩ።»

«እንደሱ ነው።»

ከክፍሉ ስትወጣ ወደ ናስር ተመለሰች። «እጀታውን ስትስብ ፖስተሩን አይተህ ነበር?»

«አይቼ ነው የሳብኩት።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገርስ? ይነሣል?»

ሳጅን ኃይለሚካኤል ካቴናውን አሰረለት፤ በጣም እንዳያጠብቅበት ግን ትንሽ አላላው።

አቶ በላይነህ የመጣው ከቴፒ ነው፤ ፖስተሩ ከመሰቀሉ በፊት ጀምሮ እዚያው እንደነበር የሆቴሉም የሾፌሩም ቃል ይስማማል። ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ ያየው የእሸቱን ክምር ነው።

«ማሽኑ መቼ ይነሣል፣ ኢንስፔክተር? ነገ ይሄ ሁሉ ሆምጣጣ ነው።»

«አልጋው ላይ ሰው ተኝቷል፣ አቶ በላይነህ።»

«አውቃለሁ። ልብ የለኝም እንዳይሉኝ። ቀብሩን እኔ ነኝ የምችለው፣ ድንኳኑን እኔ። ግን የዚህ ሁሉ ገበሬ እሸት...» እጁን አወራጨና ተወው።

«ፖስተሩን ማነው ያሠራው?»

«ባስልኤል። እኔ በስልክ አየሁት፤ ሰውየው ጀርባውን ለጽሑፉ ሰጥቶ ነበር፣ ‹ከጽሑፉ ጋር የተጣላ ይመስላል፣ አዙሩት› አልኩ። ሌላ አልነካሁም።»

ትዕግሥት ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። ማናልሞሽ አጠገቧ ስትቀመጥ ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። የትዕግሥት ድምፅ በለቅሶ አልቋል።

«ከባስልኤል ጋር ተጣልተው ነበር?»

«በወንዙ ነው። የቡናውን እጣቢ ጉድጓድ ውስጥ ማጠራቀም ሲገባው ባስልኤል ጨለማ ለብሶ ወንዝ ይለቀዋል። ከታች ያለነው እኛ ነን። ከብቱ አይጠጣውም፣ ልጆቹን ያሳክካቸዋል። ኦዲተሮቹ ሠራተኛ ሲጠይቁ እናገራለሁ ብሎ ነበር።»

«ለማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ለራሱ ለባስልኤል። ፊት ለፊት። እንድርያስ የሰው ሐሜት አያውቅበትም።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ባስልኤል ‹ታስባርረኛለህ› አለው አሉ። እንድርያስ ‹ወደ ወንዙ የሚለቀውን ዝጋው፣ አላስባርርህም› አለው። አልዘጋውም።»

«ናስር ቀብር መምጣት ይፈልጋል።»

ትዕግሥት ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ሰምቻለሁ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሳባ ሕትመት ቤቷን ስትከፍት ፖሊሶቹ በሩ ላይ ነበሩ። ግድግዳው በሙሽሮች ተሞልቷል፤ አንዳንዶቹ ፏፏቴ ሥር፣ አንዳንዶቹ ቤተ መንግሥት በር ላይ ቆመዋል፤ ከሚዛን ግን አንዳቸውም ወጥተው አያውቁም።

«ሰምቻለሁ» አለች ሳባ ገና ሳይጠይቋት። «ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። እኔ አይደለሁም። ፕሮግራሙ ነው።»

«ፕሮግራም አላስርም። አሳዪኝ።»

ሳባ ኮምፒዩተሩን አስነሣች። የይለፍ ቃሉን ሁለቴ ተሳሳተች። «ፎቶው አንድ ይመስላል እንጂ ድርብርብ ነው። ሌየር እንለዋለን። ግልጽ ላስቲክ በይው። ሰውየው በአንዱ ላስቲክ ላይ፣ ጽሑፉ በሌላው፣ ቁጥሮቹ በሌላው። ድሮ አንድ በአንድ በእጄ ነበር የማሳድገው፣ የማሳንሰው፣ የማዞረው። አሁን የምፈልገውን እጽፍለታለሁ፣ ራሱ ይጨርሰዋል።»

«ለዚህ ፖስተር ምን ብለሽ ጻፍሽለት?»

«‹ሰውየው ወደ ጽሑፉ ይይ›።»

«ፎቶ ውስጥ ያለ ሰው እንዴት ብሎ ይዞራል?» አለ ኃይለሚካኤል።

«አይዞርም፣ ሳጅን። ይገለበጣል። እንደ መስታወት።» ግድግዳው ላይ ካሉት ሙሽሮች አንዱን ከፍታ አሳየችው። ሙሽራው ፊቱን ከሙሽሪት አዙሮ ቆሟል። አንድ መስመር ጻፈች፤ ሙሽራው በቅጽበት ወደ ሙሽሪት ዞረ፤ ትንሽ አደገ፤ ጎበጥ ያለው ትከሻው ቀና አለ።

«ሰዓቱ ወደ ቀኝ እጁ ሄደ!» አለ ሳጅኑ።

«ማን ያያል? ሰው የሚያየው የሙሽሪትን ቀሚስ ነው።»

«ቁጥሮቹስ?» አለች ማናልሞሽ።

«ከሰውየውና ከሳጥኑ ጋር አስሬያቸው ነበር፤ ሲገለበጡ አብረው ተገለበጡ፤ የግራው ወደ ቀኝ ሄደ። ፊደልና ቁጥር ግን ተገልብጦ እንዳይቀር ፕሮግራሙ መልሶ ያቃናዋል። እኔ ነኝ እንደዚያ ያዘጋጀሁት፤ ለሠርግ ነዋ። የሙሽሮቹ ስም ተገልብጦ ቢወጣ ብሬን ነው የሚያስመልሱኝ። ሠርግ ላይ ሙሽራው ግራ ቆመ ቀኝ ቆመ ማን ይሞታል?»

ያለችው ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። 

«ያልተነካካው ፎቶ አለሽ?»

ነበራት። እንድርያስ በቀኝ እጁ እጀታዎቹን ያሳያል፤ ኪሱ በግራ ደረቱ ላይ ነው። ከእጀታዎቹ በላይ፣ ሳጥኑ ላይ፣ ፖስተሩ ላይ ቢጫዎቹ ክቦች የሸፈኑት፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። በግራው አንድ፣ በቀኙ ሁለት።

ማናልሞሽ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «ይኼን መቼ አነሣሽው?»

«ፖስተሩን በሠራሁበት ዕለት፣ ጠዋት። ራሴ ሄጄ። ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ላክሁላቸው። ሳላትመው በፊት ደግሞ ለአቶ ባስልኤል በቴሌግራም ልኬለት ነበር፤ ‹እሺ ይታተም› አለኝ።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ታስሪኛለሽ?»

«አላውቅም» አለች ማናልሞሽ። እውነቷን ነበር።

የሚፈለጉት ሰዎች ሁሉ ለቅሶ ቤት ነበሩ። አቶ በላይነህ ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጧል፤ ባስልኤል ወዲያ ወዲህ እያለ ወንበር ያስተካክላል። አስከሬኑ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል። ማናልሞሽ የሟችን አጎት አስፈቅዳ፣ ሁለቱንም ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የእንሰት ጥላ አስጠራቻቸው። ሳባን ከመኪና አወረዷት። ትዕግሥትን ሁለት ሴቶች ደግፈው አመጧት። በመጨረሻ ኃይለሚካኤል ናስርን በጓሮ በር አስገባው። ትዕግሥት መሬት መሬቱን አየች።

ማናልሞሽ ፖስተሩን እንሰቱ ላይ አስደግፋ ዘረጋችው።

«አስከሬን እየጠበቀ ስለሆነ አላረዝምም። ይኼ ልጅ አንድን አጥፋ ተባለ። ፖስተሩን አየ፤ አንድ ቀኝ ነው ይላል። ቀኙን ሳበ። ቀኙ ግን ሁለት ነው። ስለዚህ መብራት ሲመጣ አንድ ተነሣች፣ ሁለት ቀረች። የታዘዘውን ነው ያደረገው። ይኼ አንድ።»

«ይቺ ልጅ ናት በሏ!» አለ ባስልኤል ወደ ሳባ እየጠቆመ።

«ደርሻለሁ። ኪሱን እዩት። ጋዋኑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ኪሱ በግራ ነው። እዚህ በቀኝ ሆኗል። ፎቶው ተገልብጧል። ለምን ተገለበጠ? አቶ በላይነህ ሰውየው ወደ ጽሑፉ ይዙር አሉ፤ ሳባ ለሙሽራ በምትጠቀምበት ፕሮግራም አዞረችው። ሁለቱም የሚያደርጉትን አላወቁም። ጥፋት ነው፣ ግን ግድያ አይደለም።»

አቶ በላይነህ ባርኔጣውን አወለቀ። 

«ይኼ ስሕተት ግን ሰው ሊገድል አይችልም ነበር» አለች ማናልሞሽ። «ሳጥኑ ላይ በቀይ ቀለም ትክክለኛው ቁጥር ተጽፏል። የግራውን እጀታ ፖስተሩ ሁለት ሲለው ሳጥኑ አንድ ቢለው፣ ናስር ቆም ብሎ ይጠይቅ ነበር። ቁጥሩ ግን ተፍቋል። አቶ ባስልኤል፣ መቼ ነው የፋቁት?»

«ነግሬዎታለሁ። ፖስተሩን ከማሠራታችን በፊት።»

«ሳባ ለፖስተሩ ያነሣችው ፎቶ ላይ ቁጥሩ አለ።»

«እንግዲያውስ ከዚያ በኋላ ይሆናል። ፖስተሩ ከመሰቀሉ በፊት። በየትኛው ቀን ምን እንደፋቅሁ እየቆጠርኩ አልኖርም።»

«ከመሰቀሉ በፊትም አይደለም።» በጣቷ የፖስተሩን ጠርዝ አሳየች። «ይኼ ቀይ ቀለም የሳጥኑ ቁጥር ቀለም ነው። የደረቀ ቀለም ጣት አይነካም፤ ቲነር ሲያገኘው ነው የሚሟሟው። ቁጥሩን የፋቀው ሰው ፖስተሩን እንዳያበላሽ በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ይዞታል፤ ጣቱ በቀለም ርሷል፤ አሻራውም ላስቲኩ ላይ ቀርቷል። ፖስተሩ ተሰቅሎ ነበር ማለት ነው። ያ ሰው በአንድ እጁ አንድ የሚለውን ቁጥር እየፋቀ፣ በሌላው እጁ ሁለት የሚለውን ፖስተር ይዞ ነበር። አንዱን ማንሣት ነበረበት። ትክክለኛውን አነሣ።»

ከድንኳኑ የለቅሶ ድምፅ መጣ። ትዕግሥት ቀና ብላ ባስልኤልን አየችው።

«ከዚያስ?» አለች ማናልሞሽ። «ነባሮቹ ሠራተኞች ፖስተር አያዩም፤ እጃቸው ያውቀዋል። ይኼን ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ፖስተር የሚያይ አዲስ ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ እንድርያስን ከማጥፊያው አንሥተው ማሽኑ ጋ ላኩት፤ ናስርን በቦታው አቆሙት። ሁለትን እንዳይነካም አዘዙት፤ ሁለቱንም ቢያጠፋ እንድርያስ ይተርፍ ነበር። የቀረው ማሽኗ መያዟና መብራት መጥፋቱ ብቻ ነው። ሁለቱንም ደግሞ እዚህ አገር መጠበቅ አያስቸግርም።»

«ለምን ብዬ? ምን አድርጎኝ?»

«በወንዙ» አለች ትዕግሥት። የተናገረችው ይቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው።

ባስልኤል እስካሁን የያዘውን እርጋታ አልለቀቀም፤ ማክበሩን ግን ተወ። «ስሚ፣ አንቺ ልጅ። ፖስተሩን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። መብራቱን ያጠፋሁትም ያመጣሁትም እኔ አይደለሁም። እጀታውን የሳበው ይኸው፣ እዚህ ቆሟል። እኔ ቁጥር ፋቅሁ። ቁጥር በመፋቅ የተሰቀለ ሰው ታውቂያለሽ?»

 ዐቃቤ ሕጉም ይህንኑ እንደሚጠይቃት ማናልሞሽ ታውቃለች። አሻራው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ይቆያል፤ የባስልኤል መሆኑ ይረጋገጣል፤ ጠበቃውም ይነሣና «ደንበኛዬ ሳጥን አጸዳ» ይላል።

«ኃይለሚካኤል» አለች፣ «ካቴናውን ፍታና ለእሱ እሰር።»

ሳጅኑ የናስርን እጅ ፈታ። ባስልኤል አልተከላከለም። በጓሮ በር ሲወጣ ወደ ድንኳኑ አንገቱን አዘንብሎ እጅ ነሣ፤ ለቅሶ ደርሶ እንደሚመለስ ሰው። አቶ በላይነህ ባርኔጣውን እንደያዘ ቀረ። ሳባ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፤ ማንም አላባበላትም።

«ነፃ ነህ» አለችው ማናልሞሽ ናስርን።

ናስር የእጁን አንጓ አላሻሸም፤ እንደታሰረ ሁለቱን እጆቹን አንድ ላይ ይዟል።

«‹አጠፋህ?› አለኝ» አለ። «‹አጠፋሁ› አልኩት። አምኖኝ ነው እጁን ያስገባው።»

«ሰማህ አይደል ያልኩትን? ጥፋቱ ያንተ አይደለም።»

«ሰምቻለሁ።»

 ሕጉ ማድረግ የሚችለው እዚህ ድረስ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ማናልሞሽ እርግጠኛ አይደለችም።

ናስር ወደ ትዕግሥት አንድ እርምጃ ቀረበ። ሴቶቹ እጇን ያዙ። «እትዬ ትዕግሥት፣ ቀብር ልምጣ? አፈር ላልብሰው?»

ትዕግሥት አየችው። ከትናንት ወዲህ ፊቱን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ቤት ውስጥ ናስርዬ ነበር የምትለው።

«ና» አለችው። «ወንድሞቹን እኔ እነግራቸዋለሁ። ማንም አይነካህም።» አስከሬኑ ሊወጣ ነው መሰል ከድንኳኑ ጩኸቱ በረታ፤ ሴቶቹ ሊወስዷት ሳብ አደረጓት፤ እሷ ግን አልጨረሰችም። «ከቀብሩ መልስ ግን ወደ ቤት አትምጣ። ልብስህን በሰው እልክልሃለሁ። ድስቱንም ጨምሬ።»

«እሺ» አለ ናስር።